ሰው ራሱን ሳይመረምር ቢኖር ኑሮው ከንቱ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ጥያቄውም፤ ሰው ቆም ብሎ ራሱን ሳይመረምር ዕድሜውን ቢፈጽም ሕይወቱ ዋጋ ያለው ሕይወት ሊባል ይችላልን? የሚል ነው። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ገበሬውንም ነጋዴውንም፣ ሹሙንም ሠራተኛውንም፣ ተማሪውንም እመቤቲቱንም እኩል የሚመለከት ነው።

ሁላችንም በየቀኑ ብዙ ነገር እንመረምራለን። እህል የሚሸምት ሰው እፍኝ ዘግኖ እንክርዳዱን ከስንዴው ለይቶ ያያል። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርስዋን ገልጦ፣ ኮቴዋን አንሥቶ ይመለከታል። ባለሱቁ ሒሳቡን ሳይተሳሰብ ማታ መዝጊያውን አይዘጋም። ዛሬማ በእጃችን በያዝነው ስልክ ከባሕር ማዶ ከአንድ ሰዓት በፊት የሆነውን ሳይቀር እናውቃለን። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚመረምር ሰው፣ ዛሬ በገዛ ልቡ ውስጥ ምን እንደ ገባና ምን እንደ ወጣ ሳይጠይቅ ቢተኛ ምን ይባላል? ከበቅሎው ይልቅ ነፍሱን አቅልሎ አየ አይባልምን?

ይህን ጥያቄ ከጌታችን ልደት አስቀድሞ አጥብቆ ያነሣ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም በግሪክ አገር በአቴና ከተማ ይኖር የነበረው ሶቅራጥስ ነው። ሶቅራጥስ በእጁ የጻፈው መጽሐፍ የለም፤ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የምናውቀው ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን ከጻፈው ነው። ሥራው በከተማይቱ አደባባይ እየተዘዋወረ ሰዎችን መጠየቅ ነበር። የጦር አለቃውን ጀግንነት ምንድን ነው? ይለው ነበር። ሃይማኖተኛ ነኝ የሚለውን ሰው ደግሞ አምልኮ ምንድን ነው? ብሎ ይጠይቀው ነበር። ተጠያቂዎቹም ያወቁት መስሎአቸው የነበረውን ነገር እንዳላወቁት ሲገለጥባቸው አንዳንዶቹ ተማሩ፤ ብዙዎቹ ግን ተቈጡ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ399 ዓመት፣ ዕድሜው 70 ዓመት ሲሆን፣ የከተማይቱን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ተብሎ ተከሰሰና በብዙ መቶ በሚቈጠሩ ዳኞች ፊት ቆመ። ከዚህ ወጥተህ ዝም ብለህ መኖር አትችልምን? የሚለው ሰው ቢኖር መልሱ ምን እንደ ሆነ በዚያ ሸንጎ ተናገረ። ራስን መመርመር ለሰው ከሁሉ የሚበልጥ መልካም ነገር እንደ ሆነ፣ ያለ ምርመራ የሚኖሩት ኑሮ ግን ለሰው እንደማይገባ አስረዳ። በመጨረሻም ሞት ተፈረደበት፤ የመርዝ ጽዋ ተሰጠውና ጠጥቶ ሞተ።

የሶቅራጥስ ስም ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ስሙን እያነሣ ምክሩን ያቀርባል። አባቶቻችን መልካም ምክር ከሩቅ አገር መጣ ብለው አልናቁትም፤ ነገር ግን የመጣውን ሁሉ በወንጌል ሚዛን ሳይመዝኑ አልተቀበሉም። እኛም እንዲሁ ልናደርግ ይገባናል።

በወንጌል ሚዛን ስንመዝነው ታዲያ አንድ ከባድ ነገር ይገጥመናል። አፉን ሳይፈታ በእናቱ እቅፍ የሞተ ሕፃን ራሱን አልመረመረም። በእርጅና ብዛት የልጆቹን ስም የረሳ ሽማግሌ፣ አእምሮው በደዌ የታወከ በሽተኛ፣ ራሱን ሊመረምር አይችልም። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ዋጋ የለውም እንበልን? አይሁንብን! እንዲህ ብንል የፈጠራቸውን አምላክ እናሳዝናለን፤ ያስታመሙአቸውንም እናቶችና ልጆች ድካማቸው ከንቱ ነው ብለን እንሰድባለን። ሰው የከበረው ስለሚያስብና ስለሚመረምር ብቻ አይደለም። የከበረው በእግዚአብሔር አርአያ ስለ ተፈጠረና ክርስቶስ ደሙን ስላፈሰሰለት ነው። የሰውን ዋጋ የሰጠው ፈጣሪው ነው እንጂ ሰው በገዛ ምርመራው ያገኘው አይደለም። በዚህ ነገር ከአቴናው ጠቢብ እንለያለን።

እንዲህ ከሆነ ራስን መመርመር አያስፈልግም ማለት ነውን? መልሱን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ከመሰለው ምሳሌ እናገኘዋለን። አንዲት ሴት አሥር ድሪም ነበራት፤ አንዱ ጠፋባት። መብራት አብርታ፣ ቤትዋን ጠርጋ፣ እስክታገኘው ድረስ ተግታ ፈለገችው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ድሪሙ በጥራጊ ውስጥ ወድቆ ሳለ ዋጋው አልቀነሰም። ዋጋውን አጥቶ ቢሆን ኖሮ ሴቲቱ ስለ እርሱ ባልደከመችም ነበር። ነገር ግን በጥራጊ ውስጥ እስካለ ድረስ እንጀራ አይገዛም፣ ዕዳ አይከፍልም፣ ለድኻ አይመጸወትም። ዋጋ አለው፤ ጥቅም ግን አይሰጥም። መመርመር ሲችል ያልመረመረ ሰው ኑሮም እንደዚህ ነው። ዋጋ ቢስ አይደለም፤ የጠፋ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይምሰላችሁ። ዋጋ ቢስ ነገር ይጣላል፤ የጠፋ ነገር ግን ይፈለጋል።

በድሪሙና በሰው መካከል ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። ድሪም መጥፋቱን አያውቅም፤ ሰው ግን መጥፋቱን ያውቅ ዘንድ ሕሊና የሚባል መብራት ተሰጥቶታል። ራስን መመርመር ማለት ይህን መብራት አብርቶ ለሚፈልገን አምላክ መገለጥ ማለት ነው። መብራቱን በእጁ ይዞ አላበራም የሚል ሰው ግን መብራት እንዳልተሰጠው ሕፃን ሊያመካኝ አይችልም።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። አባታቸው ሲሞት መሬቱን ተካፈሉ። ታናሹ አንድ ቀን ወደ እርሻው ቢወርድ የድንበሩ ድንጋይ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እርሱ ገብቶ አገኘው። ታላቁን ጠየቀው፤ ታላቁም እኔ አላነሣሁም ብሎ ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ተቋረጠ። አንዱ በተጠራበት ሰርግ ሌላው አይገኝም፤ በአንዱ ቤት ለቅሶ ሲሆን ሌላው በሩቅ ይቆማል። ልጆቻቸውም በመንገድ ሲገናኙ ፊት ማዞርን ተማሩ። እንዲህ ሆኖ 12 ዓመት አለፈ። ሁለቱም ጾም አይሽሩም፤ ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ዘቢብ ይሰጣሉ። ሁለቱም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ያስባሉ፤ የሚያስቡት ግን አንዱ የሌላውን በደል ነው። እንግዲህ በእነዚህ 12 ዓመታት ብዙ ማሰብ ነበረ፤ ራስን መመርመር ግን አልነበረም። አገራችን የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች ብላ የምትተርተው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ስለዚህ ራስን መመርመር ምን እንዳልሆነ አስቀድመን ልንለይ ይገባል። ራሳቸውን የሚመረምሩ እየመሰላቸው የሚሳሳቱ ሰዎች አሉና።

የመጀመሪያው ስሕተት ራስን በሌላ ሰው መለካት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ እንደ ወጡ ተጽፎአል። ፈሪሳዊው ሒሳብ አላጣም፤ በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን፣ ከገቢው ሁሉ አሥራት ማውጣቱን ቈጠረ። ቍጥሩ ሐሰት ነበረ አልተባለም። ጥፋቱ ሚዛኑ ላይ ነው፤ በሩቅ የቆመውን ቀራጭ መለኪያ አድርጎ ራሱን መዘነ። በሌላው ኀጢአት የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ከእርሱ የባሰ አያጣም፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ጻድቅ ሆኖ ይገኛል። ቀራጩ ግን ከእግዚአብሔር በቀር ማንንም አላየም፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው ስሕተት ብቻዬን በቂ ነኝ ማለት ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮን በጦር ሜዳ ካስገደለ በኋላ በዙፋኑ ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። ነቢዩ ናታን ገብቶ፣ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ እንደ ነጠቀ አድርጎ ነገረው። ዳዊት ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ። ያ ሰው አንተ ነህ እስኪባል ድረስ የገዛ ሥራውን አላወቀውም። እንደ ዳዊት ያለ ነቢይ የራሱን በደል ለማየት ናታን ካስፈለገው፣ እኛ የነፍስ አባት አያስፈልገንም ልንል እንችላለንን? ዐይን ሁሉን ያያል፤ ራሱን ግን ያለ መስተዋት አያይም።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጦ በሥራ ያሳየ አንድ አባት አለን። እርሱም ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የኖረው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው። ቅዱስ ሙሴ አስቀድሞ ሽፍታ የነበረ፣ ኋላም በንስሐ ተመልሶ የመነኰሳት አባት የሆነ ነው። አንድ ጊዜ ከወንድሞች አንዱ በደለና መነኰሳቱ ሊፈርዱበት ጉባኤ አደረጉ። ሙሴንም አስጠሩት፤ እርሱ ግን አልመጣም። ሁለተኛ ሲላክበት የሚያፈስ ዕቃ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ውሃው ከኋላው በመንገዱ ይንጠባጠብ ነበር። አባታችን ሆይ፣ ይህ ምንድን ነው? ብለው ቢጠይቁት፣ የገዛ ኀጢአቱ ከኋላው እንደሚፈስ፣ እርሱ ግን እንደማያየው፣ ይህ ሳለ በሌላው ሊፈርድ እንደ ተጠራ ነገራቸው። መነኰሳቱም ይህን ሰምተው ለወንድማቸው ይቅር አሉት። ራስን የመመርመር ፍሬው በዚህ ይታወቃል፤ ራሱን በእውነት የመረመረ ሰው ለሌላው ይራራል። ከምርመራው ሲወጣ ልቡ የጠነከረበት ሰው ቢኖር ግን የመረመረው ራሱን ሳይሆን ሌላውን ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ተስፋ መቍረጥ ነው። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንዲት ሌሊት በደሉ፤ ሁለቱም በደላቸውን ዐወቁ። ይሁዳ እንዲያውም ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በካህናቱ ፊት ተናግሮ 30ውን ብር መለሰ። ነገር ግን የበደለውን እያየ የበደለበትን ጌታ ምሕረት አላየም፤ ሄዶም ታነቀ። ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ከወንድሞቹ መካከል ቆየ፤ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ ፈልጎ በጎቹን አደራ ሰጠው። እንግዲህ ኀጢአትን ማየት ብቻውን አያድንም። ምርመራው በእግዚአብሔር ምሕረት ፊት ካልሆነ መብራት መሆኑ ቀርቶ የሚያቃጥል እሳት ይሆናል። በኀዘን ብዛት ሌሊቱን ሁሉ ራሱን የሚወቅስ ሰው ካለ፣ ብቻውን አይቀመጥ፤ ለነፍስ አባቱ፣ ለሚወደው ዘመዱ፣ ለሐኪምም ይንገር።

ታዲያ እውነተኛው ምርመራ እንዴት ያለ ነው? ድሪሙን ከጠቀሰው ከዚያው ከምዕራፍ 15 የጠፋውን ልጅ ታሪክ እንመልከት። ይህ ልጅ ገንዘብ ሳለው ራሱን አልጠየቀም፤ እርያ ሲጠብቅ፣ ረኀብ ሲጸናበት ወደ ልቡ ተመለሰ። ወደ ልቡ በተመለሰ ጊዜ አስቀድሞ ያሰበው ጥፋቱን ሳይሆን የአባቱን ቤት ነው፤ በዚያ ሠራተኞቹ እንኳ እንጀራ እንደሚተርፋቸው አስታወሰ። ቀጥሎ በሰማይና በአባቱ ፊት መበደሉን ዐወቀ። በሦስተኛው ተነሥቶ ሄደ። ማስታወስ፣ ማወቅ፣ መነሣት፤ ሥርዐቱ ይህ ነው። እርያዎቹ መካከል ተቀምጦ ስለ ራሱ እያሰበ ቢቀር ኖሮ ማሰቡ ምን በጠቀመው ነበር?

በዚህም ሥርዐት እያንዳንዱ ምእመን ማታ ከጸሎት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፤ ዛሬ ከእግዚአብሔርና ከሰው ምን መልካም ነገር ተቀበልሁ? ሁለተኛ፤ በማን ላይ ምን አደረግሁ፣ ማድረግ ሲገባኝስ ምን ተውሁ? ሦስተኛ፤ ነገ የምመልሰው፣ የማስተካክለው ነገር ምንድን ነው? ይህ ሦስተኛው እንዳይረሳ። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ኀጢአተኛ ነኝ ብሎ ብቻ አልቀረም፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች፣ የቀማውን ደግሞ አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ምርመራው እስከ ከረጢቱ ደረሰ። ሐዋርያው ያዕቆብም ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው፣ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር ያነጻጽረዋል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ አያቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ ተቀምጣ ስለ ራስዋ ስትመረምር አላየኋትም፤ ነገር ግን እንደ እርስዋ ያለ ደግ ሰው አላውቅም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አያቱ ሳትመረምር አልኖረችም። ቤተ ክርስቲያን ምርመራውን በዓመቱ ውስጥ ዘርታ ሰጥታታለች። ሰባቱ አጽዋማት በመጡ ቍጥር የተጣላችውን ታርቃለች። በዓርብ ስቅለት ስትሰግድ ውላ፣ ወደ ካህኑ ቀርባ በደልዋን ተናግራ፣ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ተደርጋ፣ የስግደትዋን ቍጥር ተቀብላ ትመለሳለች። ለመቍረብ ስታስብ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 11 እንዳዘዘው አስቀድማ ራስዋን ትፈትናለች። ጳጉሜን ሲደርስ ጠበል ተጠምቃ አዲሱን ዓመት ትቀበላለች። እርስዋ ስሙን ፍልስፍና አላለችውም፤ ሥራውን ግን ሠርታዋለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገን ለእኛ ነው፤ ጾሙን ጾመን፣ ስግደቱን ሰግደን፣ ልባችንን ግን ሳንከፍት የምንመለስ እንዳንሆን።

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። ታላቁ ወንድም አንድ ማታ የወንድሙን በደል መቍጠር ትቶ፣ እኔስ ምን አደረግሁ? ብሎ ራሱን ጠየቀ እንበል። ያን ጊዜ የረሳው ነገር ትዝ አለው። በዚያ ክረምት ሲያርስ ማረሻው የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎት ነበር። ድንጋዩን ሲመልስ ቦታውን በደንብ አላየም፤ ወደ ወንድሙ እንደ ገባ ኋላ ቢጠረጥርም ዝም አለ። ሌባ አልነበረም፤ ዝም ያለ ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ዝምታ ላይ መሐላ ተጨመረ፣ በመሐላው ላይ ቂም ተጨመረ፤ 12 ዓመት፣ ሰርግና ለቅሶ፣ የልጆችም ፍቅር በሁለት ክንድ መሬት ጠፋ። በማግሥቱ የነፍስ አባቱን አማክሮ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ወደ ወንድሙ ቤት ቢሄድ ድንጋዩን መመለስ ይችላል። ያለፈውን 12 ዓመት ግን መመለስ አይችልም። ጥያቄውን በመጀመሪያው ማታ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ግን የሚመለሰው ሁለት ክንድ መሬት ብቻ በሆነ ነበር።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ ሆይ፣ ለመነሻው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ራስን መመርመር ለሕይወት ዋጋ አይሰጥም፤ ዋጋውን የሰጠ እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ይህ ዋጋ በጥራጊ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ራስን መመርመር ለሚችል ሰው ሁሉ የግድ ያስፈልጋል። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው እያንዳንዳችን ነን። ይህን ትምህርት የሰማችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ መብራታችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት የሕሊናችሁን መብራት አብሩ። ያልተመለሰ ድንጋይ ካለ ነገ ይመለስ።

የጠፋውን የሚፈልግ አምላክ ራሳችንን የምናይበት ብርሃን፣ የምንነሣበት ኀይል፣ ለወንድማችንም የምንራራበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።